ከቀሚሱ በፊት ቁርሱ

ስኳር ያለባትን እናቴን ቁርስ ሳላበላ ፎቶ ቤት የወሰድኳት እኔው ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ያገለገልኩት፣ ለስንቱ ታካሚ "ኢንሱሊን ከተወጉ በኋላ ሳይበሉ እንዳይቆዩ" እያልኩ የኖርኩት እኔ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቤተሰብ ፎቶ ዝግጅት ስጽፍ ከልብስና ከፀጉር አልጀምርም።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ነው። ታላቅ ወንድሜ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የተወራው ስለ ልብስ ብቻ ነው። የወንድሜ ሚስት ለሁላችንም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስና ሸሚዝ ሽሮ ሜዳ አሠፍታለች። የልጅ ልጆቼ ሹሩባ ተሠሩ። ለእናቴ አዲስ ጫማ ተገዛላት፤ እግሯ እንደሚያብጥ የማውቀው እኔ ግን ጫማው ሲገዛ አብሬ አልነበርኩም። ቀጠሮው 4 ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኢንሱሊኗን ወጋኋት። ቁርስም ቀርቦ ነበር። "ነጩ ቀሚስ ላይ ወጥ ቢንጠባጠብስ? ከፎቶው በኋላ ተረጋግታ ትበላለች" አለ አንድ ሰው። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እኔ ግን ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ፎቶ ቤት ስንደርስ ሌላ ቤተሰብ ቀድሞን ገብቶ ነበርና ተቀምጠን ጠበቅን። ልጆቹ ይሯሯጣሉ፤ ትልልቆቹ መስታወት ይሻማሉ። እናቴ ዝም አለች። ቆይታ ወደ ወንድሜ ዞር ብላ "አባትህ የት ቀረ? እሱ ሳይመጣ ልንነሳ ነው?" አለችው። አባታችን ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወንድሜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁላችንም ናፍቆት ነው፣ እርጅና ነው ብለን አንገታችንን ደፋን። እኔም ደፋሁ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። በኋላ እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል፣ በላብ ርሷል። የስኳር መለኪያው ቤት ነው ያለው። ቦርሳዬን ብከፍት ሊፒስቲክ፣ መርፌ ቁልፍና የፀጉር ማስያዣ እንጂ አንዲት ከረሜላ የለችበትም። የልጅ ልጄ ሮጣ ከታች ካለው ሱቅ ሚሪንዳ አመጣች፤ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት።

ወደ ራሷ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባት። የመጀመሪያ ቃሏ "ደረቴን ምን አረጠበው?" የሚል ነበር። ያ ወጥ እንዳይነካው የተፈራለት ቀሚስ ብርቱካንማ ሆኖ ቀርቷል። ፎቶው ቀረ። ወንድሜ በአራተኛው ቀን በረረ። ከዚያ ቀን የተረፈችን ልጆቹ በስልክ ያነሷት አንዲት ፎቶ ናት፦ እናቴ ጠርሙስ ይዛ፣ እኔ ፊቷ ተንበርክኬ፣ ከኋላችን ሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴ።

በቤታችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ካለ ይህችን ልብ በሉልኝ። ስኳር በመለኪያው ላይ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ርሃብ፣ የልብ ትርታ መፍጠን ነው። በአረጋውያን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ግራ መጋባት፣ መነጫነጭ ወይም ዝምታ ነው፤ እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ "እርጅና" የምንል ሰዎች ነን። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መስጠት ነው፤ "ዜሮ" የሚባለው ስኳር የሌለው ለስላሳ አይጠቅምም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለክቶ ካልተስተካከለ ይደገማል፤ ሲስተካከል ምግብ ይከተላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ለፎቶ ቀንም የመድኃኒቱና የምግቡ ሰዓት እንደ ወትሮው ይሁን። ፎቶ አንሺው ለእናታችሁ ሰዓት ይገዛ እንጂ እናታችሁ ለፎቶ አንሺው ሰዓት አትገዛም።

ወደ እናቴ ልመለስ። ቀሚሱ ታጥቦ ነጣ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ፎቶ የሚባል ነገር አልሰማም አለች። እኔ መስሎኝ የነበረው የዚያ ቀን ድንጋጤ ነው። አንድ ማታ ጋቢዋን ሳለብሳት፣ "ለለቅሶዬ ከሆነ የምትፈልጉት ንገሩኝ" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነዋ! እኛ አገር በትልቅ መስታወት ውስጥ የአንድ አረጋዊ ፎቶ የሚታየው መቼ ነው? ድንኳን ሲተከል አይደል? ከባህር ማዶ ልጅ ይመጣል፣ ሁሉም ነጭ ይለብሳል፣ አዛውንቷ መሐል ይቀመጣሉ፤ ይህ ዝግጅት ከምን ጋር እንደሚመሳሰል እኛ ወጣቶቹ (በእናቴ ፊት እኔም ወጣት ነኝ) አይታየንም። እነሱ ግን ያያሉ። ደግሞ ያልተዘጋጀ ቤተሰብ የሚሆነውንም አይቻለሁ። ሰው ሞቶ ሌሊት ፎቶ ሲፈለግ፣ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተቆረጠች ጉርድ ፎቶ ተጎትታ ስትሰፋ፣ ለቀስተኛው "ይሄ ማነው?" እስኪል ድረስ ፊቱ ሲደበዝዝ። በሥራ ዘመኔ ስንት ልጅ "አንድ ደህና ፎቶ እንኳ የለንም" እያለ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ አልዋሸኋትም። "እማዬ፣ እሱም አይቀርም፣ የሁላችንም ነው። ግን አሁን የምፈልገው ልጆቹ አጠገብሽ ቆመው እንዲያዩት ነው" አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና "እንግዲያው ብቻዬን አታንሱኝ" አለች። ስምምነታችን ይኸው ነበር። እናንተም ወላጆቻችሁ ፎቶ እምቢ ሲሏችሁ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዷ ጥርሷ ወልቆባት ይሆናል፤ ሌላው የሚንቀጠቀጠው እጁ እንዳይታይበት ይሆናል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ የልጅ ልጅ እጅ ማስያዝ ወይም ከዘራ ላይ ማሳረፍ በቂ ነው። ለጥርሱም ቢሆን ፈገግታ ግዴታ አይደለም።

እናቴ ስለ ፎቶ የምታውቀው ከግድግዳዋ ላይ ካለው ነው። በጥቅምት 1960 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት የተነሳነው፣ በጥቁርና ነጭ። አባቴ ተቀምጧል፤ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ታቅፋለች፤ ታላቅ ወንድሜ ከእሷ በስተቀኝ ቆሟል፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጫማ ጠቦኝ ፊቴን አጨማድጄአለሁ። ከጀርባው በአባቴ እጅ ጽሑፍ ቀኑና የሁላችንም ስም አለ። ማንም አይስቅም። ያን ጊዜ ፎቶ መነሳት በዓመት አንዴም የማይገኝ ቁም ነገር ነበርና ሰው የሚቀመጠው ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሆኖ ነው።

ሙያው ለከተማችን እንግዳ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ያንኑ ሙያ ይዘው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። ከቤተ መንግሥት ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደየሰፈሩ ወረደና እንደ አባቴ ያለ ተራ የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ ለመግባት በቃ። ከጥቂት ዓመታት በፊት "ቪንቴጅ አዲስ አበባ" የሚል ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ከየቤቱ አልበም እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ሰብስበው በመጽሐፍ አውጥተዋል። ገጾቹን ሳገላብጥ የማላውቀው ሰው ሁሉ ዘመድ መሰለኝ።

ለነገሩ ከእኛ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በአፍሪካ አዳራሽ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የ32 አገሮች መሪዎች ተፈራርመዋል፤ መሪዎቹ አብረው የተነሱት ፎቶም እስከ ዛሬ ይታያል። ዲፕሎማቶች እንዲህ ያለውን የጉባኤ ፎቶ "የቤተሰብ ፎቶ" ይሉታል አሉ። ያን ሁሉ መሪ መደርደር ከእኛ ቤት አሥራ አራት ሰው መደርደር ይቀል እንደሆነ እንጃ።

የካዛንቺስ ስም ራሱ ከቤት የመጣ ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ "ኢንቺስ" የተባለ ተቋም ነበረው፤ "ካሴ ኢንቺስ"፣ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት ነው፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ወደ ሰፈራችን ደረሰ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ወደ ገላን ጉራ፣ ሌሎቹም ወደየዕጣቸው ሄዱ። የእኛም ግቢ ተራው ደረሰ። ዕቃ ሲታሰር እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠራችኝና "ያን ፎቶ አሁን እንነሳ። እዚሁ" አለችኝ።

ሁለት ቀን ብቻ ነበረን። አሁን ሳስበው ከመጀመሪያው የሳምንት ዝግጅት የሁለት ቀኑ ይበልጥ ነበር፤ የማያስፈልገውን ሁሉ የምንጨምርበት ጊዜ አልነበረንማ። ልብስ አልተገዛም። እያንዳንዱ ሰው ያለውን ንጹሕ ልብስ ይልበስ፣ ትልልቅ ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ብቻ ይቅር ተባለ። እናቴ አዲሱን ጫማ ትታ የለመደችውን ሸበጥ አደረገች። ወረቀት ላይ የጻፍኩት የእሷን ሰዓት ነው፦ ኪኒንና መርፌ፣ ወዲያው ቁርስ፣ ሽንት ቤት፣ ዕረፍት፣ ፎቶ። በቦርሳዬ መለኪያው፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ብስኩት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተቀመጠበት በድንገት ሲነሳ ያዞረዋልና፣ እየደጋገማችሁ "ተነሺ፣ ተቀመጪ" አትበሉ። ውሃ የሚያሸናውን ኪኒን የሚወስዱትም "ለዛሬ ይቅርብኝ" እንዳይሉ፤ ከሐኪም ሳይማከሩ መድኃኒት አይዘለልም፤ ይልቅ ሽንት ቤት ቅርብ የሆነበት ቦታ ምረጡ።

ፎቶ አንሺው እዚያው ሰፈር ያደገ፣ ሠርግ የሚያነሳ ልጅ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። እኔ ፀሐይ ላይ ወንበር ደርድሬ ጠበቅኩት፤ እሱ ሁሉንም አንስቶ ወደ ቤቱ ጥላ አዞረው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይዋ ትሳላለች። ቀጥታ ፊት ላይ ስትወድቅ ዓይን ያስጨፍናል፣ ከቅንድብ ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ጥላ ያለበትና ከፊት ለፊቱ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ግን ፊትን እኩል ያበራል። የዓይን ሞራ ለተገፈፈላት እናቴም ይኸው ተመቻት።

ስለ ነጭ ልብስም ያስተማረኝ ነገር አለ። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ያኔ ቀሚሱ ያምራል፣ የእኛ ጠይም ፊት ግን ይጠፋል። ስንቱ የበዓል ፎቶአችን እንዲህ ሆኖ ይሆን? በስልክ ስታነሱ ስክሪኑ ላይ ልብሱን ሳይሆን ፊቱን ንኩት፤ ስልኩ ብርሃኑን በፊቱ ያስተካክላል።

ሁሉም ቦታ ቦታውን እስኪይዝ እናቴ ውስጥ አረፍ ብላ ቆየች። የአራት ዓመቷ ልጅ ቀድማ በላች፣ ተጫወተች፣ ከዚያ መጣች። እናቴ በመጨረሻ መጥታ ባለመደገፊያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ግራ ቀኙን አየችና "እትዬስ?" አለች።

እትዬ የምንላቸው በአንድ ግቢ አርባ ምናምን ዓመት አብረውን የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸውም በዚያ ሳምንት ለቀው ሊሄዱ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ። የመጨረሻው ልጄ "እማማ፣ የቤተሰብ ፎቶ እኮ ነው" አላት። ክፋት አልነበረበትም። እናቴ ግን "አንተን በዚህ ቤት ማን አዝሎ ነው ያሳደገህ? እናትህ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ማን ነበር?" አለችው። ልክ ናት። እኔ የሌሊት ተረኛ ስሆን ልጆቼ ያደሩት እሳቸው ዘንድ ነው። ሄጄ ስጠራቸው ድስት በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነበር፤ ሽርጣቸው ጥላሸት ነክቶታል። "ቆይ ልልበስ" አሉ። እናቴ ከወንበሯ ላይ "እንዲሁ ነይ፣ እኔ አንቺን በሽርጥ ነው የማውቅሽ" ብላ ጮኸች። እንዲሁ መጡ። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ፊቶች ሁሉ በዚያ ፎቶ ላይ ያለው የእትዬ ፊት ይበልጥብኛል።

የቀረው ወንድሜ ነው። ሥራው አልለቀው ብሎ መምጣት አልቻለም። በስልክ "እናንተ ተነሱ፣ እኔን በኋላ በኮምፒውተር አስገቡኝ" አለን፤ ፎቶ አንሺውም ቀላል ነው አለ። እናቴን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። "ሳይመጣ መጣ ልንል ነው?" እና በቀኟ በኩል፣ በ1960ው ፎቶ ወንድሜ የቆመበትን ቦታ በእጇ አሳየችን። ክፍት ይሁን አለች። ፎቶ አንሺው ባነሳ ቁጥር "እማማ፣ ትንሽ ይጠጉ፣ እዚህ ጋ ባዶ ይታያል" ይላል፤ እሷም በያንዳንዱ "ይሁን ልጄ፣ ይታይ" ትለዋለች። ሙያው ስለሆነ ክፍተቱ አንገበገበው፤ በመጨረሻ ግን ተወው። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። እናቴ ስኳሯ 132 ነበር።

ለሚዛወር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የድሮውን ፎቶ ከግድግዳ ስናወርድ ጠርዙ በርጥበት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ አገኘነው። ልጆቹ ሊልጡት ሲሉ ጮህኩ። የተጣበቀ ፎቶ ሲላጥ መልኩ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ነጸብራቅ እንዳይመታው ትንሽ ዘንበል ብሎ ማንሳት ይሻላል፤ ከዚያ ዋናው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከልብስ ጋር ይሂድ፤ ከድስት ጋር አይሂድ። ገጹ ሙጫ ያለበት አልበም ውስጥ የቆዩ ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው፤ እሺ ካላሉ አትታገሏቸው። አዲሱንም ፎቶ በስልክ ውስጥ አታኑሩት። የልጄ ስልክ በተሰረቀ ጊዜ የፋሲካዋ የሚሪንዳ ፎቶ እንኳ ልትጠፋ ነበር፤ የተረፈችው ለወንድሜ ተልካ ስለነበር ነው። አዲሱን አሳትሜ ለየቤቱ አከፋፈልኩ። ከጀርባው፣ አባቴ እንዳደረገው፣ የሁሉንም ስም፣ ዝምድናውን፣ ቀኑንና "ካዛንቺስ፣ ከግቢያችን" የሚለውን ለስላሳ እርሳስ ሳላጠብቅ ጻፍኩ። እስክሪብቶ በፊት በኩል ጠባሳ ያወጣል። ዝምድና በሚለው ላይ እትዬ ጋ ስደርስ ትንሽ አሰብኩና "እህት" ብዬ አለፍኩ።

ሁለቱ ፎቶዎች አሁን በአዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንዳንድ ቀን ስም ይጠፋባታል፤ ልጆቹ ፎቶው ሥር ቆመው ይጠይቋታል፣ እሷም በጣቷ ትቆጥራቸዋለች። ክፍቱ ቦታ ላይ ስትደርስም የወንድሜን ስም ጠርታ ታልፋለች።

ወንድሜ ለገና ቲኬት ቆርጧል። ያው የሰፈራችን ልጅ ነው የሚያነሳን፤ እትዬንም ሄጄ አመጣቸዋለሁ፣ ሽርጡን ይዘው እንዲመጡ ነግሬአቸዋለሁ። የወንድሜ ሚስት ትናንት ደውላ "ልብስ ምን ዓይነት ይሁን?" አለችኝ። ፎቶው 3 ሰዓት፣ ቁርሱ 1 ሰዓት ተኩል ነው አልኳት።